ያለ ካንዴላ የሚነሣ ሞተር፦ የላንድ ክሩዘር 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ከዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ በአገራችን ሃርድ ቶፕ እየተባለ የሚጠራው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 የሚሸከመውን፣ 1ኤችዜድ የተባለውን የናፍጣ ሞተር የሚመለከት ነው። በዚህ ሞተር ዘጠኝ ዓመት ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ለመስክ ሥራ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ደሴና እስከ ጎጃም ድረስ ተጉዤበታለሁ፤ ለከተማ ደግሞ በቤንዚን የምትሠራ ኮሮላ አለችኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ስለምነዳ ልዩነታቸው ከእጄና ከጆሮዬ አይጠፋም። ስለ መቀመጫው ምቾትና ስለ ቀለሙ ብዙዎች ጽፈዋል፤ እኔ ግን ይህን መኪና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ሞተሩ ነዳጁን የሚያቀጣጥልበትን መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። መልካም ጠባዩም ሆነ የሚያስመርረው ጉድለቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ስለሆነ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው ውርጩን ያውቀዋል። ማለዳ የመኪናው መስታወት በበረዶ ተሸፍኖ ይገኛል፣ የበሩ እጀታም ጣት ያቃጥላል። በእንዲህ ያለ ማለዳ ኮሮላዋን ቁልፍ አዙሬ ወዲያው አስነሣታለሁ። ሃርድ ቶፑን ግን ቁልፉን አንድ እርምጃ ብቻ አዙሬ ቆም እላለሁ፤ በዳሽቦርዱ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ የሚመስል ቢጫ መብራት ይበራል፣ እርሱ እስኪጠፋ ድረስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ የማዞረው። አዲስ ሾፌር ይህን መጠበቅ ትርፍ ጣጣ አድርጎ ያየዋል፤ ሳይጠብቅ ያዞራል፣ ሞተሩም እየተንገጫገጨ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ባትሪውም ይደክማል። መብራቱ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ያወቀ ሰው ግን አይቸኩልም።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ነዳጅ የሚገናኙት አስቀድመው ነው። ድብልቁ፣ በክብደት ከ14.7 እጅ አየር ከአንድ እጅ ቤንዚን ጋር ያህል ሆኖ፣ ነዳጁ ወደሚነድበት በርሜል መሰል ክፍል፣ ወደ ሲሊንደሩ፣ ይገባል፤ በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን ወደ ላይ ሲወጣ ወደ አንድ አሥረኛ መጠኑ ያህል ያምቀዋል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረውም ካንዴላው በብዙ ሺህ ቮልት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይለኩሰዋል። እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ በድብልቁ ውስጥ እንደ ደረቅ ሣር ቃጠሎ እየተስፋፋ ይሄዳል። እንግዲህ በቤንዚን ሞተር የማቀጣጠሉን ሰዓት የሚወስነው ኤሌክትሪኩ ነው ማለት ነው። ድብልቁ ከብልጭታው ቀድሞ ወይም ከእሳቱ ፊት ተሽቀዳድሞ በራሱ ከተቀጣጠለ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተን ይበሳል። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የሚለካውም ቤንዚኑ በራሱ ላለመቀጣጠል ያለውን ትዕግሥት ነው። ቤንዚን ሞተር አየሩን እንዳሻው ሊያምቅ የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

1ኤችዜድ በአንጻሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባው አየር ብቻ ነው። ያንን አየር ወደ 22 እጥፍ ያምቀዋል፤ የኮምፕሬሽኑ ምጣኔ 22.4 ለ1 ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የመንፊያው ታች እንዴት እንደሚግል ያስታውሳል፤ አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይግላልና። 22 ጊዜ የታመቀ አየር ሙቀቱ ወደ ብረቱ ባይሸሽ ኖሮ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፍ ነበር፤ በተግባር ከዚያ ዝቅ ቢልም ናፍጣን ለማቀጣጠል ከበቂ በላይ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል የናፍጣው ፓምፕ መርጫ በሆነው በኖዝሉ በኩል ነዳጁን እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል፤ ጉሙ የጋለውን አየር እንዳገኘ በራሱ ይነዳል። ካንዴላ የለም፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ቦቢና የለም፣ ያንን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር የለም። የማቀጣጠሉን ሰዓት የሚወስነው ፓምፑ ነዳጁን የሚረጭበት ቅጽበት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። መሬት ላይ በፈሰሰ ናፍጣ ላይ የተለኮሰ ክብሪት ቢወድቅ ብዙውን ጊዜ ክብሪቱ ይጠፋል፤ ቤንዚን ቢሆን ግን ክብሪቱ ገና ሳይነካው ትነቱ ቦግ ይላል። ታዲያ ለክብሪት እንኳ አሻፈረኝ የሚለው ናፍጣ ያለ ብልጭታ እንዴት ይነድዳል? መልሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ከመለየት ይገኛል። ቤንዚን በቅዝቃዜም ቢሆን ስለሚተን ለብልጭታ ዝግጁ ነው፤ ናፍጣ ግን በአየሩ ውስጥ ለክብሪት የሚበቃ ትነት ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። በራሱ ወደ መቀጣጠል ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ የናፍጣ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች በጋለ አየር ውስጥ ፈጥነው ይበጣጠሳሉ፣ ከኦክስጅን ጋርም ፈጥነው ይዋሃዳሉ፤ የቤንዚን አጫጭርና ቅርንጫፋም ሞለኪዩሎች ግን ይቋቋማሉ። ለናፍጣ የሚሰጠው ሴቴን የተባለው ቁጥር የሚለካውም ይህንኑ የመቀጣጠል ፍጥነት ነው። ስለዚህ ኦክቴንና ሴቴን አንድን ጠባይ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመለከቱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ወደ ደብረ ብርሃኑ ማለዳ ልመለስ። 1ኤችዜድ ነዳጁን በቀጥታ ከፒስተኑ አናት ላይ አይረጭም፤ በሲሊንደሮቹ ክዳን፣ በቴስታታው፣ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንዳንድ ትንሽ ጓዳ አለችው፣ ነዳጁም የሚረጨው በዚያች ጓዳ ውስጥ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጓዳዋ እየተሽከረከረ ይገባል፣ ናፍጣው እዚያ ተቀላቅሎ መንደድ ይጀምራል፣ ከዚያም ነበልባሉ በቀዳዳው ፈንድቶ ወደ ዋናው ሲሊንደር ይወጣና ፒስተኑን ይገፋል። የዚህ አሠራር ጥቅሙ ሽክርክሪቱ ነዳጁንና አየሩን በደንብ ስለሚያደባልቅ ፓምፑ እጅግ ከፍተኛ ግፊት አያስፈልገውም፤ የዚህ ሞተር ኖዝል በ150 ባር ገደማ ይከፈታል፤ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በጋራ ቧንቧ አቁረው የሚረጩት የዘመኑ ኮመን ሬል ሞተሮች ግን ከ1,500 ባር በላይ ይደርሳሉ። ጉዳቱ ደግሞ የጓዳዋ ግድግዳ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት መምጠጡ ነው። በውርጭ ቀን ብረቱ የአየሩን ሙቀት ይበላዋል፣ ሞተሪኖውም ቀስ ብሎ ስለሚያዞር ሙቀቱ ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል። ቢጫው መብራት የሚጠብቀው በየጓዳዋ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ካንዴላ እስኪግል ድረስ ነው። ስሙ ካንዴላ ቢባልም ብልጭታ አይሰጥም፤ ሥራው ጓዳዋን ማሞቅ ነው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አያስፈልግም።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ኮምፕሬሽን የሚያመጣው ሙቀት በዋናነት የሚወሰነው በምጣኔውና በአየሩ መነሻ ሙቀት ስለሆነ ስስ አየርም ይግላል፤ ነገር ግን የሚግለው አየር ጥቂት ስለሆነ ግድግዳው ከዚያ ከጥቂቱ የሚወስደው ሙቀት ይበረታል፣ ነዳጁም ከተረጨ በኋላ እስኪነድ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። በማለዳ የሚታየው ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ ይጠፋል፤ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን የኖዝል፣ የኮምፕሬሽን ወይም የፓምፕ ሰዓት ችግር አለ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። 1ኤችዜድ የአየርና የጭስ በሮች የሆኑትን ቫልቮች የሚከፍተውን የላይኛውን ካምሻፍትና የናፍጣ ፓምፑን የሚያዞረው በአንድ የጎማ ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው መቀየሪያው ሲደርስም በዳሽቦርዱ ላይ ለዚሁ የተሰጠ መብራት ይበራል። መብራቱ በበራ ጊዜ ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁት። መኪናውን ስረከብ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ የናፍጣ ሞተር የተለመደው ድምፅ ሳይሆን ብረት በመዶሻ የሚመታ የሚመስል ጠንካራ ንኳኳታ፣ በተለይ ቀዝቀዝ ሲል። ጋራዡ «ናፍጣው ነው፣ ቤንዚን ማደያ ቀይር» አለኝ። ማደያ ቀየርኩ፤ ድምፁ አልተለወጠም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕድሜያቸውን በናፍጣ ፓምፕ ሥራ ላይ ወዳሳለፉ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፣ ቀድሞ እየረጨ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በጆሮ ብቻ ይታወቃል?» ስላቸው፣ «ጆሮ ይጠረጥራል፣ መለኪያው ያረጋግጣል» ብለው ከፓምፑ ጀርባ ያለውን መዝጊያ ፈቱና ሰዓት የሚመስል መለኪያ አስገቡበት። ፓምፑ የተያዘባቸው ቀዳዳዎች ረዘም ያሉ ስለሆኑ ብሎኖቹን አላልቶ ፓምፑን በመጠኑ ማዞር ይቻላል። የቀድሞው ጋራዥ ቺንጋውን ሲቀይር ፓምፑን ፈትቶ መልሶ ያሰረው በዓይን ግምት ነበርና አካሉ ዞሮ ቀርቶ ነበር። አዛውንቱ በጥቂቱ ብቻ መልሰው አጠበቁት፤ ሞተሩ ሲነሣ ያ መዶሻ ጠፍቶ ነበር።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ስለዚህ ሞተር ካወቅሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ናፍጣ እንደተረጨ ወዲያው አይነድም፤ መሞቅ፣ መትነንና ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት፣ ይህም የሴኮንድ አንድ ሺህኛ ገደማ የሆነች አጭር ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ጊዜ ውስጥ የተጠራቀመው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሲነድ ግፊቱ በድንገት ይዘልላል፤ የናፍጣ ሞተር የተለመደው ንኳኳታ ይኸው ነው። ፓምፑ ቀድሞ ከረጨ አየሩ ገና በደንብ ስላልጋለ የመጠበቂያው ጊዜ ይረዝማል፣ የሚጠራቀመው ነዳጅ ይበዛል፣ ንኳኳታውም ወደ መዶሻነት ይለወጣል። ዘግይቶ ከረጨ ደግሞ ፒስተኑ ወደ ታች ከጀመረ በኋላ ስለሚነድ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ነጭ ጭስ ይበዛል፣ የጭስ መውጫው ማርሚታ ይግላል። በቤንዚን ሞተር ይህ ሁሉ የካንዴላና የቦቢና ጉዳይ ነው፣ በዛሬዎቹም ኮምፒዩተር ያስተካክለዋል፤ በ1ኤችዜድ ግን በፓምፑ ብሎኖች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ቺንጋውን ለማስቀየር የምትወስዱበትን ጋራዥ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «የፓምፕ መለኪያ አላችሁ ወይ?» የሚል ይሁን። ቺንጋውን ሳይቀይሩ መቆየትም አይቻልም፤ ከተበጠሰ ቫልቮችና ፒስተኖች ይጋጫሉ፣ የጥገናው ዋጋም ከባድ ነው።

የናፍጣው ንጽሕና ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። ፓምፑና ኖዝሎቹ የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው፣ የተሠሩበትም ልኬት እጅግ ጥብቅ ነው፤ ውኃ ወይም አቧራ ከገባ ይፋቃሉ። ነዳጅ በበርሜል በሚሸጥባቸው ወረዳዎች ፊልትሮው ሥር ያለውን ውኃ ማውጫ በየጊዜው ፈትቶ ማንጠባጠብ ግዴታ ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ መኪናውን ያስነሣ ይሆናል፣ ነገር ግን ለስላሳነቱ አነስተኛ ስለሆነ ፓምፑን ያስረጀዋል። በሰልባትዮው ያለው ናፍጣ እስኪያልቅ መንዳትም መልካም አይደለም፤ አየር በመስመሩ ከገባ ፓምፑ አየር ስለሚያምቅ ኖዝሉ አይከፈትም፣ በፊልትሮው አናት ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። ቤንዚን መኪና ነዳጅ ቢያልቅባት ጥቂት ተጨምሮባት ትነሣለች።

በአንድ ማደያ የነዳጅ ቀጂው ወጣት የቤንዚኑን መቅጃ ወደ ሃርድ ቶፑ ሲያስገባ ደርሼ አስቁሜዋለሁ። ቢሞላ ምን ይሆን እንደነበረ ካሁን በፊት ከተባለው መረዳት ይቻላል፤ ቤንዚን በራሱ ለመቀጣጠል የሚቋቋም ስለሆነ ሞተሩ ያንኳኳል ወይም አይነሣም፣ ፓምፑም የሚለሰልስበት ስለሚያጣ ይቆራረጣል። በተቃራኒው በኮሮላዋ ናፍጣ ቢገባባት ናፍጣው ስለማይተን ብልጭታው አይለኩሰውም፣ ካንዴላዎቹ በጥቀርሻ ይሸፈናሉ፣ ነገር ግን ሰልባትዮው ታጥቦና ካንዴላዎቹ ተጠርገው ወይም ተቀይረው አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች። በሁለቱም ጊዜ ስሕተቱ ከታወቀ ሞተሩን ጨርሶ አለማስነሣት ዋናው ነገር ነው።

ሞተሩ በሥራ ላይ እንዴት ነው? 4,164 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው፣ ጉልበቱ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ በ70 ብቻ ሳይሆን በ80 ላንድ ክሩዘርና በኮስተር አውቶቡስም ላይ ተገጥሟል። ለመጠኑ ሲታይ የፈረስ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ጥንካሬው በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ በጭቃና በድንጋይ ላይ ማርሽ ሳይቀየርለት ይጎትታል፤ ለዚህም ነው በገጠር አምቡላንስነትና በመስክ ሥራ ይህን ያህል የተወደደው። በጎርፍ ወንዝ መሻገርም ኤሌክትሪክ የሚያቀጣጥለው ነገር ስለሌለው የሚረጥብበት ካንዴላ ወይም ዲስትሪቢዩተር የለም። ዲስትሪቢዩተር ያላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪኖች በወንዝ መካከል ሲጠፉ አይቻለሁ፣ እኔ ግን አልፌያለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ሰውን ሊያዘናጋ አይገባም፤ ውኃው በአየር መሳቢያው በኩል ወደ ሲሊንደር ከገባ ውኃ አይታመቅምና፣ በ22 እጥፍ ኮምፕሬሽን ፒስተኑ ላይ ያለው ጠባብ ቦታ ወዲያው ስለሚሞላ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይታጠፋል። በዚህ ረገድ ናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይልቅ ተጎጂ ነው። አየር መሳቢያው ከፍ ብሎ ካልተሠራ ከጎማው መካከል በላይ ያለ ውኃ ውስጥ አልገባም።

ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ያሳዝናል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ከቆላ ወደ 3,000 ሜትር በላይ ያደርሳል፤ በጭነት ስወጣው ከሁለተኛ ማርሽ የማልወጣባቸው ጥምዝምዞች ብዙ ናቸው። ምክንያቱም ናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው የሚገባውን አየር በመገደብ አይደለም፤ አየሩ ሁልጊዜ በሙሉ ይገባል፣ የሚለዋወጠው የናፍጣው መጠን ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ፓምፑ እንደ ቆላው ያህል ናፍጣ ከረጨ የሚያነድደው ኦክስጅን ያንሳልና ትርፉ ጥቀርሻ ሆኖ በጥቁር ጭስ ይወጣል። በኋላዬ የሚመጣው መኪና ጭሱን ሲውጥ በመስታወት አያለሁ፤ ይህ ያሳፍረኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ይህ ሞተር ደግሞ ጥቀርሻውን የሚያስቀር ማጣሪያ የለውም። በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፉ ማቆም ተገቢ አይደለም፣ እኔም ሾፌሮቻችንን በዚህ ጉዳይ እለምናለሁ።

የቁልቁለቱም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል። ቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ሞተሩ አየር ለመሳብ ይታገላል፣ ትግሉም መኪናውን ይይዛል። በ1ኤችዜድ መግቢያው አይዘጋም፤ ፒስተኑ የሚያምቀው አየር መልሶ እንደ ሞላ ስለሚገፋው የሞተሩ መያዝ ከኮምፕሬሽኑ ብዛት አንጻር ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ዝቅ ማድረግ የግድ ነው፤ ከባድ መኪኖች በማርሚታው መስመር ላይ መዝጊያ የሚገጠምላቸውም ለዚሁ ነው።

የነዳጅ ፍጆታውን በተመለከተ በአስፋልት ረጅም መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 13 ሊትር መዝግቤያለሁ፤ ለዚህ ክብደት ላለውና እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ አካል ላለው መኪና መጥፎ አይደለም። ናፍጣ በአንድ ሊትር ውስጥ ከቤንዚን የበለጠ ኃይል አለው፤ ከፍተኛው ኮምፕሬሽንም ከሙቀቱ የበለጠውን እጅ ወደ ሥራ ይለውጠዋል። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሲያጉረመርም የሚጠጣው ጥቂት ብቻ ነው፤ ቤንዚን ሞተር በቆመበትም ለሚስበው አየር ተመጣጣኝ ቤንዚን መስጠት አለበትና። ነገር ግን ከትንሿ ጓዳ የሚሸሸው ሙቀት ዋጋ አለው፤ ነዳጁን በቀጥታ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ይበልጣሉ። የቶዮታ 1ጂዲ የተባለው 2.8 ሊትር ሞተር ቱርቦ ስላለውና ርጭቱ በኮምፒዩተር ስለሚመራ ኮምፕሬሽኑ 15.6 ለ1 ብቻ ሆኖ ከ1ኤችዜድ የላቀ ጉልበት ይሰጣል። ይህ የሚያሳየው ከፍተኛው ኮምፕሬሽን የናፍጣ ሞተር ሁሉ ግዴታ ሳይሆን ያለ ቱርቦና ያለ ኮምፒዩተር በውርጭ ለመነሣት የተከፈለ ዋጋ መሆኑን ነው።

የዚህን አሠራር ሐሳብ ያመጣው ሩዶልፍ ዲዝል መነሻው የእንፋሎት ሞተር ብክነት ነበር። በ1892 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ አመለከተ፣ በ1897 በአውግስቡርግ የተሞከረው ሞተሩ ከነዳጁ ኃይል ሩብ የሚበልጠውን ወደ ሥራ መለወጡ ተለካ። የመጀመሪያው ሞተር ነዳጁን ለመርጨት ትልቅ የአየር መጭመቂያ ይፈልግ ስለነበር ለመኪና አይመችም ነበር። ሮበርት ቦሽ በ1927 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ፓምፕ በብዛት ማምረት ሲጀምር ነው ናፍጣ ሞተር ወደ ጭነት መኪና፣ በኋላም ወደ ቤት መኪና በስፋት የገባው። ያ አዛውንት መካኒክ በመለኪያ ያስተካከሉልኝ ፓምፕ የዚያ ዘር ነው።

እንግዲህ ማን ይግዛው? መንገዱ ጠጠርና ጭቃ፣ ማደያው ሩቅ፣ ጋራዡም ኮምፒዩተር መመርመሪያ የሌለው ከሆነ ከ1ኤችዜድ የተሻለ አላውቅም። አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ቢደክም እንኳ የፓምፑን የነዳጅ መክፈቻ ለመያዝ ከምትበቃ ጥቂት ኤሌክትሪክ በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። በከተማ ብቻ ለሚነዳ፣ በየቀኑ አጭር መንገድ ለሚሄድና ፍጥነት ለሚወድ ግን አልመክረውም፤ ድምፁ ያደክማል፣ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ጭሱና ጥቀርሻው ይበዛል፣ ቀድሞ ለማለፍም ረጅም ባዶ መንገድ ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው የቤንዚን መኪና፣ ወይም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ በየመንገዱ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይሻሉታል።

አሁን ገዢ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለውን ነው። ለሻጩ ከቀትር በኋላ ሳይሆን ማለዳ እንደምትመጡ ንገሩት። ስትደርሱ ከማስነሣቱ በፊት መክደኛውን አስከፍቱና ቴስታታውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሞቆ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቅዞ ከሆነ ቢጫው መብራት እስኪጠፋ ጠብቃችሁ ራሳችሁ አስነሡት። ኮምፕሬሽኑና ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ደኅና ከሆኑ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ይይዛል፣ ነጩ ጭስም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠራል። ለመያዝ ብዙ ከዘገየ፣ በአንዳንድ ሲሊንደር ብቻ ከተንገጫገጨ፣ ወይም ሰማያዊ የዘይት ጭስ ካሳየ ስለ ዋጋው ከመነጋገር በፊት የኮምፕሬሽን መለኪያ ያለውን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስድስቱም ሲሊንደሮች የሚያሳዩትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ አነጻጽሩ።